ግራሩ የት ገባ

ግድግዳ ለሳኟ ታላቅ ወንድሟን «ጋሼ» ብላ መጥራት ከተወች፣ ያኔ በጨርቅ ተጠቅልላ የነበረችው ልጇ አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ሆናለች። ያን ሁሉ ዘመን «ያ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ያ ሰውዬ ዛሬም ሲስል አደረ። ያ ሰውዬ በሩን ክፍት ትቶ ወጥቷል፣ ሌባ ይግባበት። የዚያ ሰውዬ ድመት ወተቴን ደፋችው። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው። መሃል ያለው አጥር ዶሮ እንኳ አያስቆምም፤ እሷ ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ባሕር ማዶ አድርጋው ኖረች።

ቂሟ የግራር ቂም ነው። እናታቸው የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። በግቢው መሃል ራሷ ተክላ ያሳደገችው ግራር ነበር። ከጥላው ሥር ገበቴዋን አስቀምጣ ታጥባለች፣ ገመዷን ከግንዱ እስከ ቤቱ ጥግ ወጥራ ታሰጣለች፣ ሁለቱን ልጆቿን እዚያው ታበላለች፣ እዚያው ትቆጣለች። ሲደክማት ጀርባዋን ለግንዱ ትሰጥና አንድ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች፤ ከደረቷ ሳይሆን ከተረከዟ የሚመጣ የሚመስል። ልጆቿ እናታቸውን ሲያስቡ ከፊቷ ይልቅ ያ ትንፋሽ ነው ቀድሞ ትዝ የሚላቸው።

እናትየው ሞተች። ግቢው ለሁለት ተከፈለ፣ ግራሩ በወንድም በኩል ቀረ። ዛፉ የጋራችን ነው ተባባሉ፤ በዚሁ ተስማሙ። በቀጣዩ ክረምት ለሳኟን ያለ ቀኗ ምጥ ያዛት። ሆስፒታል ገብታ፣ በትኩሳት ስትቃጠል ሰንብታ፣ እፍኝ የማትሞላ ልጅ ይዛ ተመለሰች። ከዚያም በኋላ ከአልጋ ሳትወርድ ከረመች። በመጨረሻ እግሯ ጠና ሲልላት ግድግዳ እየደገፈች ወደ ግቢ ብቅ ብትል፣ ግራሩ የለም። ጉቶ ብቻ። ከጉቶው አጠገብ መሬቱ ክብ ሆኖ ጠቁሯል።

ወንድሟ ከሰል አክሳይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

አጥሩ ላይ ቆማ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የእናቴን ዛፍ አክስለህ፣ ሸጠህ በላህ» አለችው። እሱ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው። «በላሁ፤ ምን ይጠበስ» አለና ገባ። በቃ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መሃል ያለፈ ቃል የለም። በዚያው ሰሞን የጓሮ ክፍሏን መስኮት፣ ወደ ጉቶው የሚያየውን፣ ገና ወገቧ ሳይጠና በገዛ እጇ በድንጋይ ደፈነችው። ብርሃን ቀርቶብኝ ጉቶውን ባላይ ይሻለኛል አለች።

ሰፈሩ «ግግም» ይላታል፤ ከፊቷ ሲሆን «እትዬ ግግም»። አትቀየምም። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ለይታ፣ መደመር ጨርሳ፣ መቀነስ ላይ ስትደርስ ተወችው። መቀነስ አልወድም ነበር ትላለች። ከዚያ ወዲህ እጇ ከካዙላ፣ ከልስን ማንኪያው፣ ተለይቶ አያውቅም፤ ግድግዳ ትለስናለች። ሌላው ለሳኝ ሁሉ ወደ ሲሚንቶ ሲዞር እሷ ከኖራ ጋር ቀረች። የኖራ ድንጋዩን ከሚፈልጡት ዘንድ ሄዳ ታያለች፣ ከእቶን የወጣውን ተቃጥሎ የቀለለውን ድንጋይ ታመጣለች፣ ጓሮዋ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ታፈስበታለች። ድንጋዩ ያለ እሳት ይፈላል፣ ይንፈቀፈቃል፣ እንደ እርጎ ይሆናል። ባሏ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው፤ ቀልድ ያውቃል። ኖራና ሚስቴ አንድ ናቸው ይላል፤ ጠብ ካለባቸው ይፈላሉ፣ ከደረቁ ደግሞ አይላቀቁም።

ታዲያ በዚህ ዓመት ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። ልጅቷ እዚያው አቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ተዛወረችና ሻንጣዋን ይዛ ከወላጆቿ ዘንድ ገባች። የሳይንስ አስተማሪ ናት። ጨቅላ ሆና የተኛችባትን የጓሮ ክፍል መረጠች፤ መረጠችና አንድ ቀን አድራ፣ እማ፣ ይሄ ክፍል ነው ወይስ ጉድጓድ፣ መስኮት ይከፈትልኝ አለች።

ሁለተኛው ወሬ ከአጥሩ ወዲያ የመጣ ነው። ወንድሟ ከሰሉን ከተወ ቆይቷል፤ ከሰሉ ግን እሱን አልተወውም። ሐኪሙ ደረትህ ውስጥ የተቀመጠው አቧራ ነው፣ ከዚያ ጥላሸት ከሞላበት ቤት ካልወጣህ ሳሉ አይለቅህም ብሎታል። ቤቱን ማን ያጸዳለታል? ሚስቱ ሞታለች፣ ልጁ ያለው ሩቅ አገር ነው። ስለዚህ ልጁ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው፣ ግቢውም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ተቆርጧል። ይህንን የነገራት ባሏ ነው፤ ጫማውን እያወለቀ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ይሂድ» አለች። «መንገዱ ጨርቅ ይሁንለት።»

በማግስቱ ግን ሥራ ቦታ አንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ለሰነች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠመመ። አሠሪው ዛሬ ምን ነካሽ ቢላት፣ ግድግዳህ ነው የጠመመው ብላ አፈረሰችው። ማታ ወደ ቤት ስትገባ አጥሩ አጠገብ እግሯ ትንሽ ዘገየ። ከወዲያ ሳል ይሰማል። እንደ ቀድሞው አልተናደደችም፤ ያ ደግሞ አናደዳት። እሱ ከሄደ ቂሟን ከማን ጋር ትይዘዋለች? ሰው ከሌለበት ግቢ ጋር? መቼም ቂምም ጎረቤት ይፈልጋል።

መስኮቱን ለመክፈት የተነሳችው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ወለሉን በጨርቅ ትሸፍናለች፤ ባሏ በሻይ ብርጭቆ ታጅቦ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራ ሲሠራ ማየት ይወዳል። ድፍኑ ወዲያው እጅ ሰጠ። በቁጣ የተሠራ ነገር እንዲህ ነው፣ ድንጋዮቹ በዲጂኖ ጫፍ ተነቅለው ወደቁ፣ ብርሃን ገባ። ለሳኟ ወደ ውጭ አላየችም። አዲሱ መስኮት ሰፋ ያለ ስለሆነ ከጎኑ ያለውን የድሮ ልስን መቁረጥ ነበረባትና መሮውን ደግና መዶሻውን አነሳች።

መሮው ነጠረ።

ደገመችው። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነዘራት፤ ልስኑ ላይ ግን የጥፍር ያህል ምልክት ብቻ ቀረ። ሦስተኛውን ስትመታ የመሮው አፍ ታጠፈ። ቆመች። ልስኑን በጥፍሯ ጫረችው፣ በአውራ ጣቷ አሸችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ በመዶሻው እጀታ አንኳኳችው። እንደ ድንጋይ ይጮኻል፤ እንደ ጭንጫ።

«ይሄን የለሰነው ማነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አለ ባሏ። «ለዚህ ነው እሺ የማይለው።»

«አልቀለድኩም።»

«እኔም።»

እውነቱን ነው። እሷው ናት። ትዝ አላት። ሆዷ ገፍቶ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ልጁ ሳይመጣ ክፍሉ ይድረስ ብላ የለሰነችው ነው። በዚያ ብርድና እርጥበት የተለሰነ ኖራ እንደማይረባ ጀማሪም ያውቀዋል፤ ለወራት እንደ አይብ ይለሰልሳል፣ ኋላም ይፈረፈራል። ከአራስነት ስነሳ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ ብላ ነበር፤ ከዚያ የግራሩ ነገር መጣና ረሳችው። ይሄ ሁሉ ግድግዳ በእጇ አልፏል፣ በደህና ፀሐይ፣ በደህና ጊዜ የሠራችው፤ አንዱም እንዲህ አልጠነከረም። በጣም የተበላሸው ነው በጣም የጠናው።

ልጇ ጨርቁን ጥላ መጣችና እሷም ግድግዳውን ነካካችው። ያኔ እዚህ ክፍል ውስጥ እሳት ይነድ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

ለሳኟ ይህን ስትሰማ የድሮ ንዴቷ ተቀሰቀሰ። እንዴታ! አባትሽ አይደል፣ ከሆስፒታል ስመለስ ትኩስ ልስኔ መሃል የከሰል ምድጃ ጎልቶ የጠበቀኝ። ኖራ በእሳት አይደርቅም፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይሄንን የማያውቅ ሰው ለሳኝ አገባ ብዬ ጮኼበታለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ አንቺ የድመት ግልገል ታክያለሽ፤ ብርድ እንዳይነካት ብለው ነው የሰጡን። ደጅ አቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ብቻ እያስገባ፣ አዋላጇ ከሰል በዝግ ቤት ይገድላል ብላ አስጠንቅቃን መስኮቷን ገርበብ አድርገን በመጋረጃ ጋርደን፣ ቀንም ሌትም ሳይጠፋ ነደደ። ግድግዳውም ላብ ያልበው ነበር። ውሃ ይወርድ ነበር በግድግዳው። ዝናቡ ሰረገ ብዬ እሱንም ረገምኩት።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው።

«እማ፣ ዝናቡ አይደለም» አለች። «ግድግዳው እየጠጣ ነበር።»

ከዚያ የነገረቻትን ለሳኟ በኋላ ለሰው ስታወራ በራሷ አፍ እንዲህ አድርጋ ነው የምታወራው። የኖራ ድንጋይ ውስጡ የታሰረ ትንፋሽ አለው። እቶን ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ድንጋዩ የሚቀለው። ውሃ ስትሰጪው ይፈላል፣ ይለሰልሳል፣ ግን ትንፋሹን አልረሳም። ግድግዳ ላይ ስትቀቢው ያንኑ ትንፋሽ ከአየር ውስጥ መልሶ ይፈልጋል። ባገኘው ቁጥር ይጠጣዋል፣ የጠጣውን ውሃ ያልበዋል፣ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የተማሩት ሰዎች ከትንፋሹ ውስጥ ያለውን ዋና ነገር ካርቦን ይሉታል። ከሰል ማለት ደግሞ እሱው ራሱ ነው፣ ጥቁር ሆኖ ሲታይ። ሲነድ አየር ይሆናል። በአየር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው ልስን ለመጠንከር ዓመት የሚፈጅበት፤ ይቺ ክፍል ግን ከሰሉ ያለማቋረጥ ሲነድባት፣ አየሩም እርጥብ ሆኖ ልስኑ ሳይደርቅ ሲቆይላት፣ ጠጥታ ጠጥታ ጭንጫ ሆነች። አባቷ ያጠፋው ጥፋት ነው ግድግዳውን ያጠነከረው።

«ሰማሽ?» አለ ባልየው ከበሩ ላይ። «ይቅርታ ብጠየቅ አልጠላም።»

«ዝም በል» አለችው፤ ጆሮዋ ግን ልጇ ላይ ነው።

መደርደሪያው ላይ ከድንጋይ መፍለጫው ያመጣችው አንድ ድንጋይ አለ፤ ውስጡ የዛጎል ቅርጽ ያለበት። ሁልጊዜ ይገርማት ነበር፤ ውሃ በሌለበት ተራራ ላይ ዛጎል ምን ይሠራል? ልጅቷ አወረደችውና እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ይሄ ድንጋይ ድሮ ባሕር ነበር እማ፣ አለቻት። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዛጎሎቹ ከውሃው እየወሰዱ ቤት ይሠሩበታል፣ ሲሞቱ ቤታቸው ከታች ይከመራል፣ ብዙ ዘመን ሲጫነው ድንጋይ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ድንጋዩን አቃጥለሽ የሰው ቤት ትሠሪበታለሽ። ለሳኟ ድንጋዩን አገላበጠችው። እኛም ለካ የዛጎል ባለሙያ ነን አለች።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ልጅቷን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። ዞር ብላ አባቷን፣ ያ ክረምት መንገዱን ጎርፍ የወሰደበት አይደለም ወይ አለችው። አንተው ነህ ቦቴውን ይዤ ወዲያ ማዶ ተዘግቶብኝ ነበር እያልክ የምታወራው። ማገዶ እንጥፍጣፊ አልነበረም ትላለህ። የአጎቴንም መጋዘን ውሃ ገብቶበት ከሰሉ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ነበር ትላለህ።

«እና?»

«ታዲያ ቀንና ሌት የነደደው ከሰል ከየት መጣ?»

ባልየው ብርጭቆው ውስጥ ተመለከተ። ሻዩ አልቋል። ያለቀ ሻይ ጠጣ።

ለሳኟ መዶሻውን አስቀመጠች። ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ ሲዋሽ ብዙ ያወራል፣ እውነት ሲደብቅ ዝም ይላል። አንተ ሰው፣ ተናገር አለችው። አልችልም አለ። ለምን? ምያለሁ። በምን? አገጩን ወደ ልጅቷ ቀሰረ። ያኔ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ትተርፋለች አትተርፍም በሚባልበት ሰዓት፣ በእሷ ሕይወት ወንድምሽ አስምሎኝ ነው አለ። አፌን ብከፍትና አንድ ነገር ብትሆን ምን ይውጠኝ ነበር? ከዚያ ወዲያ ጉንፋን በያዛት ቁጥር እንኳ ይሄንን ነው የማስበው።

ልጅቷ ሄዳ ከአጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የተማለው በእኔ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ባለቤቷ እኔ ነኝ። ፈትቼሃለሁ፤ ተናገር።»

ሰውየው እንደ ልጅ እፎይ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። እናትሽ ሆስፒታል በትኩሳት እያለች ነው አለ። ልጅቷን ሙቀት እንዳይለያት ተባለ፤ ቤት ደግሞ በረዶ ነው። ከሰል ፈልጌ የማልዞርበት ደጅ የለም። ወንድሟ ዘንድ ሄድኩ፤ ጭቃ የሆነውን ከሰል በአካፋ እያወጣ ነበር። ነገርኩት። ቆሞ ግራሩን አየው። ግማሹ እናትየው ከታመመች ጀምሮ ደርቆ ቆሞ ነበር። መጋዙን አመጣ። ያለቅስ ነበር፤ እኔ ዝናቡ ነው ብዬ እንዳላየሁ ሆንኩ። አጣና ተክሎ፣ ቆርቆሮ ከላይ አልብሶ፣ ከሥሩ ሳይነሳ፣ እንቅልፍ ሳያይ አከሰለው። እርጥቡንም ግማሽ ቆይቶ ቆረጠው፤ የደረቀው ስላልበቃ። በጆንያ በጆንያ እየተሸከመ በዚያ መስኮት በኩል አቀበለኝ። አንዲት ፍም አልሸጠም። ለእህቴ አትንገር አለኝ፤ እናቷን አጥታ ገና አልወጣላትም፣ ዛፉን ለእኔ ብሎ ነው የቆረጠው ብላ ጸጸት ይዟት ወተቷ እንዳይደርቅ፤ ስትበረታ እኔው እነግራታለሁ አለ። ይሄኔ ነው ያስማለኝ።

«ከዚያ ስትበረቺ» አለ ባልየው፣ «የመጀመሪያ ቃልሽ ‹ሸጠህ በላህ› ሆነ። እሱም የአንቺው ወንድም ነው። ውለታዬን ቆጥሬ ከምከራከር ሌባ ተብዬ ልኑር አለኝ። ግግም ግግምን ወለደ፣ ግግም ግግምን አሳደገ።»

ለሳኟ መጀመሪያ በባሏ ተናደደች። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ተኝተህ አለችው። ከዚያ ንዴቷ የሚቀመጥበት አጣ። ሄዳ ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው። በዚያ ክፍል ልጇን አጥብታለች፣ ታቅፋ እሹሩሩ ብላለች፣ ሲከፋት ግድግዳው ላይ ተደግፋ የእናቴ ዛፍ የት ገባ እያለች አልቅሳለች። የተደገፈችው ምኑ ላይ ኖሯል!

«ታዲያ ግራሩ እዚህ ውስጥ ነው?» አለች።

ልጅቷ አስተማሪ ናትና እናቷንም ቢሆን አታባብልም። ሁሉም አይደለም አለች። ጥቂቱ ነው። ብዙው በመስኮት ወጥቷል።

«የወጣውስ?»

የወጣውማ አልጠፋም። ነፋስ ይዞት ሄደ። ሣር በልቶታል፣ ሣሩን ላም በልታዋለች። የሰው ጓሮ ጎመን ውስጥ ገብቷል። ከዝናብ ጋር ወንዝ የወረደም አለ፤ ወንዙ ባሕር ያደርሰዋል፣ ባሕሩ ለዛጎል ይሰጠዋል። ገና በአየር ላይ የሚዞርም ይኖራል፤ አሁን እየተነፈስነው ሊሆን ይችላል። እና ስንቱ የት እንደገባ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እሱን እኔም አላውቀውም።

ለሳኟ መዳፏን ከግድግዳው አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዛፍ ግን መጀመሪያ አካሉን ከየት ነው የሚያመጣው አለች። ከአፈር ነው እንጂ? ከአየርም ነው፣ አብዛኛው ከአየር ነው አለቻት ልጇ። እኛ የምናስወጣውን ትንፋሽ ቅጠሉ ይቀበላል፤ ግንድ የሚሆነው እሱ ነው።

«የምናስወጣውን?»

«አዎ።»

ለሳኟ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ ቀስ እያለች ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ከተረከዝ የሚመጣ። ባሏ ያን ትንፋሽ ያውቀዋል፤ አማቱን ያውቃታልና። ብርጭቆውን ይዞ ተነስቶ ወጣ። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ሴት አያቷን አይታት አታውቅም፤ የእሷ ትንፋሽ ነው እንግዲህ፣ ቅጠል ሆኖ፣ ግንድ ሆኖ፣ ከሰል ሆኖ፣ ያሞቃት። ሁለቱም ይህንን አሰቡ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ብርሃኑ እግራቸው ላይ ወድቋል። ለሳኟ በዚያ ቀን ያንን ጠንካራ ልስን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታችውም። መስኮቱ በድሮው ልክ ይበቃሻል አለቻት፤ እሺ አለች ልጅቷ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ቦታ ዛሬ አልመጣም ብላ ላከች። ከጓሮ ጉድጓዷ ከርሞ የበሰለውን ኖራ ቀድታ ሁለት ባልዲ ሞላች፣ መቧጠጫውንና ቡሩሹን ያዘች። አጥሩን መሻገር ትችል ነበር፤ አልተሻገረችም። ዞራ በመንገድ በኩል፣ በትልቁ በር፣ እንደ ሰው ገባች።

ወንድሟ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሸብቷል። ከአጥር ወዲያ ሆና ሳሉን ስትሰማ እንጂ መሸበቱን አላስተዋለችም ነበር። ባልዲዎቹን አየ፣ እሷን አየ። ለመነሳት ሞከረና ሳሉ መልሶ አስቀመጠው። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆማ ጠበቀች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ።

«ቤትህ ጠቁሯል።»

«ሊተላለፍ ነው። የሚገባበት ሰው ያስቀባው።»

«አልጠየቅኩህም ማን እንደሚገባበት።»

ገባች። ክፍሉ የድስት ቂጥ ይመስላል። ጣሪያው፣ ማዕዘኑ፣ የበሩ ጉበን፣ ሁሉም ጥላሸት ለብሷል። ሻርፗን አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ ዕቃውን ጎትታ አወጣች፣ መቧጠጥ ጀመረች። ጥላሸቱ እንደ ጥቁር በረዶ ወረደባት። እሱ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ እዚያ አትቁም አለችው፣ ለደረትህ ጥሩ አይደለም። ጉቶው ዘንድ ተመለሰ። ተቧጦ፣ ተጠርጎ፣ ግድግዳው በውሃ ርሶ ሲያልቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። የመጀመሪያውን ኖራ ቀብታ ወጣች፤ ከእግር እስከ ራሷ ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ሆናለች። ከጉቶው ፊት ለፊት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ባሌ ነገረኝ» አለች።

«ምሎ አልነበር?»

«ልጅቷ ፈታችው።»

ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው፣ እሷ ትችላለች እንደማለት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሽኝ እንዴ?»

ለሳኟ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። እናታቸው ብትኖር ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ነበር የምትገርፋቸው። ይህንኑ አለችው፤ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ከሳሉ ሲመለስ ዓይኑ ርሷል። ልጅቷ ደህና አደገች አለ፣ አጥሩ ላይ ሳያት ደስ ይለኛል፣ ጠዋት ጠዋት ስታልፍ እጇን ታነሳልኛለች። አሙቀሃታል፤ ታንሳልህ እንጂ አለች። ከዚህ በላይ ማመስገን አታውቅበትም። እሱም ከዚህ በላይ አልጠበቀም።

ተነስታ ሁለተኛውን ኖራ ልትቀባ ገባች። እሱን በሩ አጠገብ፣ አየር በሚያገኝበት በኩል፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ክፍሉ ገና ሳይደርቅ እንኳ ሌላ ሆኗል፤ ብርሃን የሚቀመጥበት አግኝቷል። እስኪደርቅ እኛ ቤት ትተኛለህ አለችው፣ የጓሮ ክፍሏ ተነጥፎልሃል፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር ታድራለች። የትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚተኛ አልነገረችውም፤ እሱን ልጅቷ ታስረዳው፣ እሷ አሳምራ ታወራዋለች።

ቅዳሜ ልጄ ይመጣል አለ ወንድሟ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዕቃዬን ሸክፌያለሁ።

ለሳኟ ቡሩሹን ባልዲው ውስጥ ነክራ አራገፈች። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ እጇ ሳይቆም፣ የተናገረችው ይሄንን ነው፦

«ይምጣ። ምሳ በልቶ ይመለሳል። አንተ የትም አትሄድም፣ ጋሼ። ቤቱ ጥላሸት ነው አሉህ፣ ይኸው ጥላሸት የለም። ለከርሞም እቀባዋለሁ፣ ለዚያ ወዲያም እቀባዋለሁ። አሁን ወንበርህን ወደዚህ አዙርና ተንፍስ። ይሄ ግድግዳ ለመጠንከር ከሰል አያስፈልገውም፤ ያንተ ትንፋሽ ይበቃዋል።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ዞረ። መጀመሪያ ሳለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከታች ጀምሮ፣ ሳበና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ለሳኟ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ቡሩሹን ከማዕዘኑ ጀምራ ወደ እሱ እየቀባች መጣች።